ሩብ ኪሎ የማትሞላ ድሮን፦ ሕግ የገዢን ምርጫ እንዴት ይወስናል?

ሩብ ኪሎ ቡና በገበያ ላይ ትልቅ ነገር አይደለም። በመዝናኛ ድሮኖች ገበያ ግን ሩብ ኪሎ፣ ማለትም 250 ግራም፣ አምራቾች ዕቃቸውን የሚቀርጹበት፣ ገዢዎችም ከካሜራው ጥራት አስቀድመው የሚጠይቁት ልክ ሆኗል። በዓለም ገበያ ከሚሸጡት ትንንሽ ባለካሜራ ድሮኖች መካከል የብዙዎቹ ክብደት 249 ግራም ላይ መቆሙ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። አንዲት ግራም ብትጨመር ድሮኗ ከአንድ የሕግ ምድብ ወጥታ ወደ ሌላ ትገባለች። ባለቤቷም የመመዝገብ፣ የምዝገባ ቁጥር የመለጠፍ፣ በአንዳንድ አገሮችም የቆመበትን ቦታ በሬዲዮ ሞገድ ለሌሎች የማሳወቅ ግዴታ ይመጣበታል።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ብቻ ቢመስልም ወደ እኛም ይደርሳል። የጥምቀትን በዓል፣ የሠርግን አጀብ፣ የተራሮቻችንን ገጽታ ከሰማይ ለመቅረጽ የሚመኝ ወጣት ብዙ ነው። ዕቃውን ለማግኘት በቅድሚያ የሚያስበውም ውጭ አገር ያለ ዘመዱን ነው። አሜሪካ የሚኖር ወንድም «ይህችኛዋ ምዝገባ አያስፈልጋትም» ሲል የተናገረው ለሚኖርበት አገር እውነት ሊሆን ይችላል። ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ግን ያ እውነት አብሮት አይገባም። ይህ ጽሑፍ የክብደቱ ሕግ ከየት እንደመጣ፣ የሰዎችን ግዢ እንዴት እንደለወጠ፣ ወደ ኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባት ለሚያስብ ሰውም ስሌቱ ለምን እንደሚለይ ያብራራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

በ2015 መገባደጃ የአሜሪካ መንግሥት ለመዝናኛ የሚበሩ ድሮኖች ባለቤቶች እንዲመዘገቡ ወሰነ። አከራካሪው ጥያቄ ምዝገባው ከየትኛው ክብደት ይጀምር የሚለው ነበር። የልጆች መጫወቻ ሁሉ ይመዝገብ ቢባል ሥራው አያልቅም፤ ልኩ ከፍ ቢል ደግሞ ሰውን ሊጎዳ የሚችል ዕቃ ከቁጥጥር ውጭ ይቀራል። የአገሪቱ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከአምራቾች፣ ከአብራሪዎችና ከሞዴል አውሮፕላን ማኅበራት የተውጣጣ ግብረ ኃይል አቋቁሞ ጥያቄውን አቀረበለት።

ግብረ ኃይሉ መልሱን የፈለገው በፊዚክስ ነው። ድሮኑ በአየር ላይ ሳለ ሞተሩ ቢጠፋና ወድቆ የሰው ራስ ላይ ቢያርፍ፣ ምን ያህል ጉልበት ይዞ ይመታል? 80 ጁል ገደማ ጉልበት ያለው ምት፣ ራሱን የተመታውን ሰው የመግደል ዕድሉ 30 በመቶ ያህል ነው የሚል መነሻ ተያዘ። በሰከንድ 25 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት እየወደቀ ይህን ጉልበት የሚያገኘው ዕቃ ክብደቱ 250 ግራም ገደማ ነው። ቁጥሩ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ግብረ ኃይሉ ልኩን ያቀረበው ለምዝገባ ተብሎ እንጂ ድሮን የት ይብረር፣ የት አይብረር ለሚለው መለያ እንዲሆን አልነበረም። ይሁን እንጂ አንድ ቁጥር በሕግ ከሰፈረ በኋላ ለሌላው ሕግ አውጪ ምቹ መነሻ ይሆናል። ካናዳ በ2019 ያወጣችው ደንብ ምዝገባንና የአብራሪነት ማረጋገጫን ከ250 ግራም ጀምሮ ግዴታ አደረገ። የአውሮፓ ኅብረትም የመጀመሪያውን ምድብ ከዚሁ ቁጥር በታች ላሉት ሰጠ።

በአሜሪካ ምዝገባው በዲሴምበር 2015 ተጀመረ። በሜይ 2017 አንድ የሞዴል አውሮፕላን አብራሪ ባቀረበው ክስ መነሻነት ፍርድ ቤት የመዝናኛ አብራሪዎችን ምዝገባ ሻረው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ኮንግረሱ ባወጣው ሕግ ምዝገባው ተመለሰ። በእነዚያ ሰባት ወራት ድሮን የገዛ ሰው ያልተመዘገበ ዕቃ ይዞ ወጥቶ፣ ዓመቱ ሳያልቅ መመዝገብ ግድ ሆነበት። የኋላው ታሪክ በዚህ ዓይነት መዋዠቅ የተሞላ ስለሆነ ነገሩን ልብ ማለት ይጠቅማል።

አምራቹ ለሕጉ ልክ ሲሰፋ

የቻይናው ዲጄአይ ኩባንያ በ2017 ስፓርክ የተባለች ትንሽ ድሮን ለገበያ አቀረበ። ክብደቷ 300 ግራም ነበር። ለእጅ ቀላል ብትሆንም ለሕግ ግን ከባድ ነበረች። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 2019፣ ኩባንያው ማቪክ ሚኒን በ399 ዶላር ሲያስተዋውቅ ክብደቷ 249 ግራም ነበር። በስፓርክና በማቪክ ሚኒ መካከል ያለው የ51 ግራም ልዩነት ለአንድ ትውልድ ድሮኖች ሁሉ መለኪያ ሆነ።

ነገሩን ይበልጥ ግልጽ የሚያደርገው የጃፓኑ ምሳሌ ነው። በጃፓን በወቅቱ የነበረው ልክ 200 ግራም ስለነበር፣ ኩባንያው ለዚያ አገር ብቻ 199 ግራም የምትመዝን ማቪክ ሚኒ አዘጋጀ። ቅነሳው የመጣው ከባትሪው ነው። በሌላው ዓለም የተሸጠችው 2400 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ይዛ እስከ 30 ደቂቃ ስትበር፣ የጃፓኗ በ1100 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ 18 ደቂቃ ብቻ ትቆይ ነበር። የጃፓን ገዢ በሌላ አነጋገር 12 የበረራ ደቂቃዎችን ሰጥቶ ከደንቡ ነጻ መሆንን ገዛ።

ያ ነጻነት ብዙም አልቆየም። በጁን 2022 ጃፓን የምዝገባውን ልክ ወደ 100 ግራም አወረደችው። ባለ 199 ግራሟ ድሮን እንደማንኛዋም ተመዝጋቢ ሆነች፤ ባትሪዋ ግን ያው ትንሹ ባትሪ ሆኖ ቀረ። ለደንብ ተብሎ የተገዛ ዕቃ ደንቡ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

ክብደት መቀነስ በሌላም በኩል ዋጋ ያስከፍላል። የመጀመሪያዋ ማቪክ ሚኒ ፊት ለፊት ያለን ዛፍ ወይም ግድግዳ አይቶ የሚያቆም መሣሪያ አልነበራትም፤ ቪዲዮዋም 4ኬ አልደረሰም። ነፋስ በሚበረታበት ኮረብታ ላይ ሩብ ኪሎ የማይሞላ ዕቃ ምን ያህል እንደሚንገላታ ለመገመት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አምራቾች እነዚህን ጉድለቶች ግራም ሳይጨምሩ ለማሟላት ዓመታት ፈጀባቸው። በ2022 የወጣችው ሚኒ 3 ፕሮ 4ኬ ቪዲዮ የሚቀርጽ ካሜራና በሦስት አቅጣጫ እንቅፋት የሚለዩ ዳሳሾች ይዛ አሁንም 249 ግራም ላይ ቆመች። ዋጋዋ ግን ከመቆጣጠሪያዋ ጋር 759 ዶላር ገባ። ትንሽ ድሮን ማለት ርካሽ ድሮን ማለት የነበረበት ጊዜ በዚህ አበቃ።

ለዚችው ሞዴል ሁለት ዓይነት ባትሪ ቀርቦላታል። መደበኛው እስከ 34 ደቂቃ ያበርራል፤ ትልቁ ደግሞ እስከ 47 ደቂቃ። ትልቁ ባትሪ ሲገባ ግን ድሮኗ ከ250 ግራም ታልፋለች። ተመሳሳይዋ ድሮን ጠዋት በመደበኛው ባትሪ ስትበር ከምዝገባ ነጻ ሆና፣ ከሰዓት በኋላ በትልቁ ስትነሣ ተመዝጋቢ ትሆናለች ማለት ነው። የተሽከርካሪ ክንፍ መከላከያ፣ የሌሊት መብራት፣ ተጨማሪ የካሜራ መስታወት መግጠምም እንዲሁ ነው። ሕጉ የሚመዝነው ሲነሣ በላዩ ያለውን ሁሉ እንጂ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አይደለም።

አምስት ዶላር ማንን ያሸሻል?

የአሜሪካው ምዝገባ ክፍያ 5 ዶላር ነው። ለሦስት ዓመት ያገለግላል፤ አንድ የመዝናኛ አብራሪ ያሉትን ድሮኖች ሁሉ በአንድ ቁጥር ይሸፍናል። በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ለድሮን የሚያወጣ ሰው በአምስት ዶላር ምክንያት ሞዴል ይቀይራል ማለት ይከብዳል። እንግዲህ ገዢዎች ለምን ያን ያህል ከ250 በታች ያለውን ይመርጣሉ?

የዚህ ጸሐፊ ግምት ምክንያቱ ከክፍያው ይልቅ ከምዝገባው ጋር ተያይዘው የመጡት ግዴታዎች ናቸው የሚል ነው። ከእነዚህ ውስጥ ከባዱ በአሜሪካ «ሪሞት አይዲ» የሚባለው ነው። ይህ ደንብ ድሮኑ በበረራ ላይ ሳለ መለያውን፣ ያለበትን ቦታና ከፍታ፣ ከዚህም በላይ አብራሪው የቆመበትን ቦታ በሬዲዮ ሞገድ እንዲያሰራጭ ያዛል። በአቅራቢያው ያለ ሰው በእጅ ስልኩ መተግበሪያ ሊያነበው ይችላል። የአብራሪው ስም ባይሰራጭም፣ ለብቻው ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ቦታው መታወቁ የማይመቸው መሆኑ ለመረዳት የሚያዳግት አይደለም። በሌላ በኩል ከጓሮው በላይ ድሮን ሲያንዣብብ የሚያይ ጎረቤትም ማን እንደሚያበረው ማወቅ መፈለጉ ተገቢ ነው። ሕጉ በሁለቱ መካከል ሲፈርድ ለጎረቤቱ አድልቷል።

ደንቡ ሙሉ በሙሉ መተግበር የጀመረው በማርች 2024 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩና ይህን ማሰራጫ ያልያዙ ድሮኖች ባለቤቶች ሁለት ምርጫ ቀረላቸው፤ ማሰራጫውን ለብቻው ገዝተው መግጠም፣ ወይም ለዚህ በተፈቀዱ ውስን ሜዳዎች ብቻ ማብረር። ለመዝናኛ የሚበሩ ከ250 ግራም በታች የሆኑት ግን ከምዝገባም ከማሰራጫውም ነጻ ናቸው። ስለዚህ አዲስ ገዢ በሁለት ሞዴሎች መካከል ሲቆም የሚያወዳድረው ካሜራን ከካሜራ ብቻ ሳይሆን ግዴታን ከግዴታ ጋር ሆነ።

ይህ ነጻነት ግን ሰዎች እንደሚያስቡት ሰፊ አይደለም። በአሜሪካ ክብደቱ ምንም ይሁን ምን፣ ማንኛውም የመዝናኛ አብራሪ «ትረስት» የተባለውን ነጻ የደኅንነት ፈተና ማለፍ አለበት። ከዐይን እይታ ማራቅ፣ ቁጥጥር በማይደረግበት የአየር ክልል ከ120 ሜትር በላይ መውጣት፣ በአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ያለ ፈቃድ መብረር ለባለ 249 ግራሟም ክልክል ነው።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው ደግሞ የዓላማው ጉዳይ ነው። ነጻነቱ የተሰጠው ለመዝናኛ ብቻ ነው። አንድ የአሜሪካ ገበሬ ቅዳሜ ከልጁ ጋር እየተጫወተ ያበረራትን ድሮን ሰኞ የበቆሎ ማሳውን ወይም አጥሩን ለመቃኘት ቢያስነሣት፣ በረራው ከመዝናኛ ወጥቶ ሥራ ይሆናል። ያን ጊዜ ድሮኗ ሩብ ኪሎ ባትሞላም መመዝገብ፣ እርሱም የአብራሪነት የጽሑፍ ፈተና አልፎ የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። ስለ ሰብል ካነሣን አይቀር፣ የመዝናኛ ድሮን ካሜራ የሚያሳየው የሰው ዐይን የሚያየውን ቀለም ነው። ቅጠሉ ከመቢጨቱ በፊት የተክሉን ጉዳት ለመለየት የሚረዳው፣ ለዐይን የማይታየውን ብርሃን የሚያነብ ሌላ ዓይነት ካሜራ ነው። ለእርሻዬ ይጠቅመኛል ብሎ የመዝናኛ ድሮን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁለቱን፣ ማለትም የሕጉንም የካሜራውንም ወሰን ማወቅ ይኖርበታል።

የተገዛው ዕቃ ሲያረጅ፣ ሳይበላሽ

በአውሮፓ ኅብረት ያለው አሠራር ከክብደት በተጨማሪ መለያ ምልክት ይጠይቃል። ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ የጸናው ደንብ ድሮኖችን ከሲ-0 እስከ ሲ-4 ባሉ ምድቦች ከፍሎ አምራቹ ምልክቱን በዕቃው ላይ እንዲያሰፍር አዘዘ። ሲ-0 ከ250 ግራም በታች፣ ሲ-1 ከ900 ግራም በታች፣ ሲ-2 ከ4 ኪሎ በታች ነው። ለቀድሞዎቹ ዕቃዎች የመሸጋገሪያ ጊዜ ተሰጥቶ በ2023 መጨረሻ አበቃ።

ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ምልክት የሌለው፣ ከ250 ግራም በላይ የሆነ ድሮን ማብረር የሚቻለው ከመኖሪያ፣ ከንግድ፣ ከኢንዱስትሪና ከመዝናኛ ስፍራዎች ቢያንስ 150 ሜትር ርቆ ነው። ይህ ማለት በ2020 የወጣውና 570 ግራም የሚመዝነው ማቪክ ኤር 2 እስከ 25 ኪሎ ከሚደርስ ዕቃ ጋር በአንድ ምድብ ተቀመጠ ማለት ነው። ሞተሩ ይሠራል፣ ካሜራው ይቀርጻል፣ ባትሪው ይሞላል፤ ባለቤቱ ግን በሚኖርበት ከተማ ሊያስነሣው አይችልም።

የሲ-1 ልክ 900 ግራም መሆኑ ደግሞ ሌላ ቁጥር ወለደ። በኖቬምበር 2021 የወጣው ማቪክ 3 ክብደቱ 895 ግራም ነው። ምልክቱ የተሰጠው ግን በ2022 ነበር፤ ቀድመው የገዙትም ሶፍትዌሩን አድሰው፣ ምልክቱን ለጥፈው ወደ ምድቡ መግባት ቻሉ። የማቪክ ኤር 2 ባለቤቶች ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። በአውሮፓ ያገለገለ ድሮን ለመግዛት የሚያስብ ሰው የባትሪውን ዕድሜና የክንፎቹን ጭረት ከመመርመሩ በፊት የምድብ ምልክቱን መፈለጉ ከዚህ የተነሣ ነው። በዝቅተኛ ዋጋ የቀረበው ጥሩ ድሮን ብዙ ጊዜ ምልክት የሌለው ሆኖ ይገኛል።

ምልክቱም ቢሆን ያለ ዋጋ አይመጣም። የሲ-0 ምልክት ያለው ድሮን ከተነሣበት ቦታ ከ120 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል ተደርጎ ይሠራል። ደንቡ ራሱ የሚለካው ከድሮኑ በታች ካለው መሬት ነው፤ መሣሪያው ግን ልኩን የሚይዘው ከተነሣበት ነው። ሜዳ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ከሸለቆ ተነሥቶ 300 ሜትር ከፍታ ያለውን ገደል ተከትሎ መውጣት የሚፈልግ አብራሪ ግን ሕጉን ሳይጥስ መሣሪያው ያቆመዋል። በተራራማ የአውሮፓ አካባቢዎች አንዳንድ ገዢዎች ምልክት የሌላትን የቀድሞዋን ባለ 249 ግራም ድሮን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በኅብረቱ አገሮች ካሜራ ያላት ድሮን ከ250 ግራም በታች ብትሆንም ባለቤቷ መመዝገብ እንዳለበት፣ ነጻ የሚሆነው መጫወቻ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ብቻ እንደሆነ መጨመር ያስፈልጋል።

በእንግሊዝ ደግሞ ልኩ ራሱ ወርዷል። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ምዝገባና ፈተና የሚጠየቀው ከ100 ግራም ጀምሮ ነው። ለዓመታት «249 ስለሆነች ፈተና የለባትም» እየተባለ የተሸጠች ድሮን ያ ጥቅሟ ቀረ።

አሜሪካ በበኩሏ በዲሴምበር 2025 የክብደትን ጥያቄ ወደ ጎን ያደረገ ሌላ መለኪያ አመጣች፤ የተሠራበትን አገር። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በውጭ አገር የተሠሩ ድሮኖችን ለብሔራዊ ደኅንነት ያሰጋሉ በተባሉ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባ። በመሠረቱ አዲስ የውጭ ሞዴል የሬዲዮ ማረጋገጫ ካላገኘ ወደ ገበያው ሊገባ አይችልም። ቀድሞ ማረጋገጫ ያገኙት ሞዴሎች ግን መሸጣቸውም መብረራቸውም ቀጥሏል። የገዢው ጥያቄ በዚህ ሳቢያ «የትኛው ሞዴል የተሻለ ነው?» ከሚለው «የትኛው ሞዴል መለዋወጫና ባትሪ እስከ መቼ ያገኛል?» ወደሚለው አዘንብሏል።

ሚዛን የማይጠይቀው ሕግ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ መነሻው መብረር የተፈቀደ ነው የሚል ነው። ሕጉ የሚለየው ከባዱን ከቀላሉ፣ ምልክት ያለውን ከሌለው ነው። ብዙ አገሮች ግን ከሌላኛው ጫፍ ይነሣሉ። በእነዚህ አገሮች ፈቃድ እስኪሰጥ ድረስ ዕቃው መግባትም መብረርም የለበትም። ግብፅ በ2017 ባወጣችው ሕግ ድሮን ማስገባትም መጠቀምም ያለ መከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ ከልክላለች። ሞሮኮም ከ2015 ጀምሮ ለማስገባት ፈቃድ ትጠይቃለች። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ በጃንዋሪ 2022 አቡዳቢ በድሮንና በሚሳኤል ከተጠቃች ከቀናት በኋላ የግለሰቦች በረራ ታግዶ ነበር። እገዳው በከፊል የተነሣው ከሦስት ዓመት በኋላ በጃንዋሪ 2025 ነው፤ ያውም በምዝገባና በፈቃድ። በእነዚያ ዓመታት እዚያ የሚኖር ወገናችን በእጁ ያለውን ድሮን ማስነሣት አይችልም ነበር።

ኢትዮጵያም የምትመደበው ከእነዚህ አገሮች ጋር ነው። ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለመጠቀም አስቀድሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። የበረራው ጉዳይ ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ይመለከታል። ፈቃድ የሌለው ዕቃ በጉምሩክ ፍተሻ ይያዛል። አሜሪካ ውስጥ ምዝገባ የማያስፈልጋት 249 ግራም መሆኗ እዚህ በፈቃድ ፈንታ አያገለግልም።

የጥንቃቄውን ምክንያት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በአገራችን «ድሮን» የሚለው ቃል ለብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስታውሰው ካሜራን ሳይሆን የጦር መሣሪያን ነው። በገጠር ቀበሌ ሰማይ ላይ ድምፅ እያሰማ የሚያልፍ ትንሽ ነገር ሲታይ፣ እረኛው 249 ግራም ይሁን 249 ኪሎ የሚለይበት መንገድ የለውም። ሠርግ ለመቅረጽ የተነሣ ሰው ይህን የሰውን ስሜት ከደንቡ እኩል ሊያስብበት ይገባል።

በዚህ ዓይነት ሕግ ሥር የግዢው ቅደም ተከተል ይገለበጣል። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ሰው መጀመሪያ ይገዛል፣ ቀጥሎ ይመዘገባል። እዚህ መቅደም ያለበት ፈቃዱ ነው። ከውጭ በዘመድ እጅ የሚመጣ ዕቃ ላይ ይህ ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ምክንያቱም ገዢው አንድ ሰው፣ ተሸካሚው ሌላ ሰው፣ ተጠቃሚው ሦስተኛ ሰው ነው። ዕቃው በፍተሻ ሲገኝ የሚጠየቀው ሻንጣውን የያዘው ነው። ለእናቱ መድኃኒት፣ ለእህቱ ልጅ ልብስ ይዞ የመጣ መንገደኛ «አደራ ይህችንም ያዝልኝ» በተባለ ዕቃ ምክንያት ሰዓታት ሊቆምና ዕቃውንም ትቶ ሊወጣ ይችላል። የሻንጣውን ግርግር ተስፋ አድርጎ መደበቅ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል፤ በኤክስሬይ መፈተሻ ላይ ባለ አራት ክንፍ ዕቃ ከሌላ ነገር ጋር አይምታታም።

ስለዚህ ዘመዱ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ የሞዴሉ ስምና የካሜራው ጥራት ሊሆን አይገባም። የመጀመሪያው ጥያቄ ፈቃዱ በማን ስም፣ ለምን ዓላማ ይጠየቃል የሚለው ነው። ለግል መዝናኛ፣ ለፊልም ሥራ፣ ለጥናት ወይም ለእርሻ መሆኑ የሚለውጠው ነገር ስላለ፣ ዓላማውን በግልጽ ይዞ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ቀርቦ መጠየቅ ይቀላል። መልሱ በጽሑፍ ከተገኘ በኋላ ነው የሞዴል ምርጫ ትርጉም የሚኖረው። ያን ጊዜም ክብደት መታየቱ አይቀርም፤ ሆኖም የሚታየው ለነፋስ መቋቋሚያና ለመሸከም እንጂ ከምዝገባ ለማምለጥ አይሆንም። ከተራራ ጫፍ ላይ በነፋስ ለሚቀርጽ ሰው ከ250 ግራም በላይ የሆነው የተሻለ ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ የምድብ ገደብ ያለበት መሆኑን፣ ባትሪዎቹም በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንደማይገቡ ማጣራትም የዚህ አካል ነው።

በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሠርግ ለመቅረጽ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ከነጭራሹ አለመግዛትም አንድ ምርጫ ነው። ፈቃድ ያለው የቪዲዮ ድርጅት ማግኘት ከተቻለ የአንድ ቀን ክፍያ ከድሮኑ ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ ፈቃዱን የማሳየት ኃላፊነትም የድርጅቱ ይሆናል። ውሉ ከመፈረሙ በፊት የፈቃዱን ወረቀት፣ የሚያገለግልበትን ቦታና ጊዜ ጭምር አንብቦ ማየት ብቻ ይቀራል።